የጓድ ልዑልሰገድ ክንድና የጀልዴሳ ቃጭል

ሰኞ፣ የካቲት 3። ጠዋት

ለሰፊው የመጋላ ሕዝብ፣ በተለይም ለአንቺ ለደብተሬ። መርዶ አለሽ፤ ነጠላሽን አዘቅዝቂ። የጓድ ልዑልሰገድ ክንድ ዛሬ ደቻቱ አሸዋ ላይ ተሰናብታለች። አስከሬኗ እኛ ጥገና ቤት፣ ብረት መቆንጠጫው ሞርሳ ላይ ተጋድሟል።

የብረቷን ማለቴ ነው። የሥጋዋማ ደህና ናት፤ ትናንት ማታ ፓስታ ስትጠቀልል አይቻታለሁ።

ላስረዳሽ፣ እስከ ስምንተኛ የተማርኩት ለምን ሆነና። ካሜራማን እየተራመደ ሲቀርጽ ሥዕሉ እንዳይዘል የብረት ሰደርያ ይለብሳል። ከሰደርያው ባለ ሞላ ክንድ ይወጣል። ክንዱ ዘንግ ይይዛል፤ ዘንጉ ራስ ላይ ካሜራ፣ እግሩ ላይ ባትሪ። ሰውየው ሲንገጫገጭ ሞላው ይውጥለታል። እኛ ደረት ብረት እንለዋለን። አምና አንድ ጠገንን፣ ወሬው አዲስ አበባ ደረሰ። ይሄ ሦስተኛችን ነው። ከልብስ ስፌት መኪና ይሻላል፣ አቦ።

የአዲስ አበባው ካሜራማን ጓድ ል. (ልዑልም ጓድም! አንዱን አይመርጥም?) ወንበራችንን በመሐረብ ጠርጎ ተቀመጠ። ከቦርሳው ጓንት አወጣ። ጓንት። በድሬ ሙቀት። ሁለት ፊልም ተንቀጥቅጦበታል፤ ጥፋቱ የብረቱ ነው ይላል። ሦስተኛው ከተንቀጠቀጠ አሻጥር ነው ብለውታል አለቆቹ። ቅዳሜ ሁርሶ ጦር ማሠልጠኛ የምልምሎች ምረቃ ይቀርጻል። ንብረቱ የመንግሥት ስለሆነ አዴር ዑመር፣ የጥገና ቤቱ ባለቤት፣ ጌታዬ፣ ቀበሌ ሄደው ፈረሙ። ለሚገኝበት ጉድለት ሁሉ ተጠያቂ እሳቸው ናቸው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ክንዱን ፈታሁ። ሞላው ተለጥጧል፣ ከከባድ ባትሪ ጋር ሲያዞረው ከርሟል። ኩሽኔታው ውስጥ ከግራሶ አሸዋው ይበዛል። አዴር ዑመር ከሞተር ሳይክል የወጣ ሞላ ለክተው፣ ቆርጠው ገጠሙለት። ሰደርያው የእኔ ድርሻ። ለፈረንጅ ትከሻ የተሠራ ነው፤ ጓድ ል. ሲለብሰው ድስት ውስጥ የቀረ ማንኪያ። ማሰሪያውን አሳጠርኩ፣ ጎኑን በግመል ቆዳ ደለደልኩ።

ከዚያ ፈተናው። ዘንጉን አጋድመሽ ትለቂዋለሽ። ሦስት እስክትቆጥሪ ቀስ ብሎ ከቆመ ጤነኛ ነው። ቶሎ ቆመ? እግሩ ከብዷል። ተጋድሞ ቀረ? ራሱ ከብዷል። የእሱ ተጋድሞ ቀረ። ታች የግማሽ ኪሎ የሚዛን ድንጋይ አሰርንበት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቀጥ።

ጓድ ል. ለብሶ ወጣ። ተመለሰ። ሥዕሉ አሁንም ይዘላል አለ። ተረከዙን ሚስማር እንደሚመታ ሰው መሬት ላይ እየደበደበ፣ ይዘላል ይላል! እግርዎ ነው አልኩት። አንተ ስለ ሲኒማ ምን ታውቃለህ አለኝ። ስለ ሲኒማ አላውቅም። ስለ እግር አውቃለሁ፤ ሁለት አለኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5። ከሰዓት

ደብተሬ፣ ያዢኝ። በሳቅ ልሞት ነው።

ከጀልዴሳ ፍየል ይዞ ከሚመጣው ጓደኛዬ አንዲት ቃጭል ወሰድኩ። አውራ ጣት አታክልም። አዴር ዑመር የቀትር እንቅልፋቸው ላይ ሳሉ የዘንጉ ቱቦ ውስጥ ሰቀልኳት፣ አፉን በብሎን ዘጋሁ። በለስላሳ እርምጃ ለሚሄድ ዝም ትላለች። ለሚደበድብ፣ ቅል ቅል።

ጓድ ል. ለልምምድ ወጣ። ቅል ቅል። ዞረ። ፍየል የለም። ቆመ፤ ቃጭሏም ቆመች። ሄደ፤ ቅል ቅል። በመጨረሻ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ግድግዳ ተጠግቶ ፍየሏን አሳለፋት! ወተት ሻጯ ከጉልቷ ሆና፣ ዋሪያ፣ ፍየልህ ቀደመችህ ብላ ጮኸችለት። ባርኔጣውን አንስቶ አመሰገናት። የሲኒማ ሊቅ!

ዛሬ ማታ ሆቴሉ ወስዶ ይለማመድበታል። ነገ ለመጨረሻ ማጥበቂያ ያመጣዋል። ያኔ አወጣታለሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6። 4 ሰዓት

አልመጣም።

5 ሰዓት። ሆቴሉ ሄድኩ። በንጋት መኪና መጥቶ ሁርሶ ወስዶታል።

ደብተሬ፣ የመንግሥት ብረት ውስጥ ቃጭል ገብታለች። መኮንኖች ፊት ልትጮህ ነው፣ ድምፅ መቅጃው አጠገብ። ያስገባሁት እኔ። የፈረሙት አዴር ዑመር።

ነገርኳቸው። ይመቱኛል ብዬ ነበር፤ ምነው በመቱኝ። ሞረዳቸውን አስቀመጡ፣ እጃቸውን ጠረጉ።

«ዋሪያ፣ እኔ በጣቴ ፈረምኩ። አንተ በአንገቴ ተጫወትክ።»

ይቺኑ ብቻ። ከዚያ ወደ ጓሮ ገብተው ለሚስታቸው ለኤዶ ሐሊማ ብርድ ልብሳቸው ይታጠብ አሏት። ወዲያው ሳፋ አወጣች። በዚህ ሙቀት ሰው ብርድ ልብስ የሚያሳጥበው የት ሊያድር ሲያስብ እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል።

ዓርብ፣ የካቲት 7

አዴር ዑመር ጁምዓ ሄዱ፣ መጡ። ብርድ ልብሱ ገመድ ላይ ነው። በሩብ ሰዓት ደርቋል፤ ማንም አያነሳውም። በሥሩ ባለፍኩ ቁጥር ጎንበስ እላለሁ።

ቀበሌ የይለፍ ወረቀት ጠየቅኩ። ሁርሶ ምን አለህ? ቃጭል አለኝ አይባል። ዘመድ አልኩ። የዘመዱ ስም? አንድ ስም እንኳ ሳልፈጥር ወጣሁ። እኔ! አፌ!

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ያለ ወረቀት በንጋት ጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። ደርሼ እኔ ነኝ፣ ሽማግሌው አያውቁም ልል ነበር። ከልቤ ነው፤ ቀልድ የለበትም። ኬላ ላይ አወረዱኝ። በእግሬ ተመለስኩ። እስካሁን ምረቃው አልቋል። ጮሃለች ወይ አልጮኸችም። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ኤዶ ሐሊማ ትነሳለች።

እሑድ፣ የካቲት 9። 10 ሰዓት

በሩ ተንኳኳ። ጓድ ል.። ብቻውን። ከነጓንቱ።

ብረቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ወንበሩን በመሐረብ ጠረገ፣ ተረከልን። መግቢያው ላይ ጠባቂ ዘንጉን ሲነቀንቀው ጮኸች። ምንድነው ይሄ? ጓድ ል. ፊቱን ሳይቀይር፣ የሚዛን ደወል ነው፣ ሲዛነፍ ያስጠነቅቃል፣ ከፋብሪካው ነው አለው። ጠባቂው ሁለቴ ነቅንቆ አደነቀ። አሳለፈው።

መቼ አወቁ አልኩ።

«ረቡዕ ማታ። አራተኛ ፎቅ ላይ ፍየል አይወጣም።»

ካወቁ ለምን አላወጧትም? የእግሩ አስተማሪ አድርጓት ሌሊቱን ክፍሉ ውስጥ ሲመላለስ አድሯል፤ ቃጭሏ እስክትተኛ። ተነስቶ ብረቱን ለበሰ፣ መንገዱን እስከ ወተት ሻጯ ሄዶ ተመለሰ። ጆሮዬን አቆምኩ። ምንም። ተረከዙ መሬቱን የሚያስፈቅድ ይመስላል። ተናደድኩ፣ ደብተሬ።

ፊልሙስ አሉ አዴር ዑመር። እዚህ ላይ ብቻ ሊቁ አቀረቀረ። ደረቱ ላይ ብረት ያሰረ ሰው የክብር እንግዶቹ አጠገብ አይንጎራደድም ተባለ። ካሜራውን ሦስት እግር ላይ አቁመው፣ ከሩቅ፣ ግማሽ ቀን አንድ ቦታ ገተሩት። ሥዕሉ አልተንቀጠቀጠም። ድንጋይም አይንቀጠቀጥም።

ቃጭሏን ላወጣ ካቻቢቴ አነሳሁ። ከለከለኝ። ምላሷን ሲፈለግ የሚይዝ፣ ሲፈለግ የሚለቅ ብሎን ሥራላት አለኝ። አዴር ዑመር ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ነገ እሠራለሁ፤ ወስኛለሁ። ለቀጣዩ ካሜራማን ግን ሳልነግር አላስገባም። ይሄንንም ወስኛለሁ፣ ለዛሬ።

ነጠላሽን አስተካክለሽ ልበሺ። ያ ሁሉ መርዶ ተጠቅልሎ ሲመዘን አንዲት የፍየል ቃጭል ነው፤ ሃምሳ ግራም አትሞላም። ማንም አልታሰረም፣ ምንም አልጎደለም። የአዴር ዑመር ብርድ ልብስ ታጠበ፣ እሱም ጊዜው ነበር።