በእናትሽ በር ላይ የታሰረው ነጭ ጨርቅ

ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን ከረምሽ? ሥራሽ፣ ጤናሽ፣ ያ በጋ በገባ ቁጥር የሚያስነጥስሽ አፍንጫሽስ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ ግን ተቀይሜሻለሁ። በደብዳቤሽ መጨረሻ ድመቷን በስሟ ጠርተሽ "ሳሙልኝ" ካልሽ በኋላ፣ እኔን "እዚያ ላላችሁ ሁሉ" ውስጥ ጨመርሽኝ። አይጥ እንኳ የማትይዝ ድመት! ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ትኮራብኛለች።

ቀልዱ ይብቃ። የምቀልደው ወደ ዋናው ነገር መሄድ ስለፈራሁ ነው።

አናጢውን ልትከሺው እንደሆነ ጽፈሽልኛል። "የፍለጋው አለቃ ሆኖ ቤታችንን እንዴት ዝም ብሎ ያልፋል? እናቴን የገደላት እሱ ነው" ብለሻል። ልጄ፣ እሱ አይደለም።

የሰፈራችንን ሕግ ታውቂያለሽ። ጫካው ከአጥራችን ኋላ ስለሚጀምር፣ በጋ ሲገባ ሣሩን አብረን እናጭዳለን፣ የየጣሪያውን ደረቅ ቅጠል እንጠርጋለን፣ ለየቤቱም አንድ ነጭ ጨርቅ ይታደላል። እሳት ሲመጣ መጨረሻ የወጣው ሰው ጨርቁን የግቢው በር ላይ ያስራል። "ሰው የለም" ማለት ነው። ፈላጊዎቹ ነጭ ያዩበት ግቢ አይገቡም፤ ሰው ወዳለበት ይሮጣሉ።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ዞረ። እናትሽ በሩ ላይ ጨርቁን እጄ ውስጥ ጣል አድርጋ "እሰርልኝና ቶሎ ና" አለችኝና ወደ ጭነት መኪናው ሮጠች። አሰርኩት። ደህና አድርጌ አሰርኩት። መኪናው ላይ ሆና "ና እንጂ!" ብላ ስትጣራ ግን፣ ስትቆጣ ማየት ደስ ስለሚለኝ፣ "አንቺ ሂጂ፤ እኔ ሻዬን ጠጥቼ፣ ጢሜን ተላጭቼ እደርሳለሁ" አልኳት። መኪናው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል የለ?

መኪናው እንደሄደ እኔ በታችኛው መንገድ፣ ውሃ የሚያመላልሰው ቦቴ ላይ ተንጠልጥዬ ወጣሁ። መጠለያው ደርሼ እናትሽን ፈለግኋት። አብራት የነበረችው ልብስ ሰፊ "ኩርባው ላይ ወርዳ በጓሮ መንገድ ተመለሰች። አስቁመን ብንለምናት አልሰማ አለችን" አለችኝ። ልመለስ ስል መንገዱን እሳቱ ዘግቶት ነበር።

የተገኘችው በራሷ ክፍል አይደለም። በሌለሁበት፣ እኔ የምተኛባት የጓሮ ክፍል ደጃፍ ላይ ነው። ለምን እዚያ እንደሄደች እኔ አልጽፈውም።

አናጢው በግቢው በር ሁለት ጊዜ አልፏል። ሁለቱንም ጊዜ ነጩን ጨርቅ አይቷል። እሳቱ ሲበርድ፣ ጠርዙ የተቃጠለውን ጨርቅ ከበሩ ብረት ላይ ፈትቶ ኪሴ ውስጥ ከተተልኝ። "ዝም በል" አለኝ። "ልጅቷ እኔን ትጥላ፤ እኔ ባዳ ነኝ፣ እችለዋለሁ። አንተንም ካጣች ማን ይቀራታል?" በስብሰባው ላይም "ሳላይ አለፍኩ" አለ። ከአለቅነቱ አነሱት። በርና መስኮት የሚያሠራው ሰው ጠፋ። አራት ወር ሙሉ ሰላምታ ሲነፈግ እያየሁ፣ እኔ ጥጌን ይዤ ዝም አልኩ። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ደግሞ እሱ ነው "አይዞህ" የሚለኝ።

ስለዚህ ክሱን ተይው። ያሰረው እጅ ይህን የሚጽፍልሽ እጅ ነው። ነገ ጠዋት ሰፈርተኛውን ሰብስቤ እነግራቸዋለሁ፤ ግን ከሁሉ በፊት አንቺ እንድትሰሚ ፈለግሁ።

ዕድሜሽን ያርዝመው። የምትወጂው ሰው ሲጠራሽ "አቤት" ብለሽ የምትሄጂ ያድርግሽ። ቤትሽ ሰው አይጣ፤

ቆይ፣ በር ተንኳኳ።

በመስኮት አየሁ። አንቺ ነሽ፤ ሻንጣሽን ይዘሽ። "ጋሼ፣ ክፈትልኝ እንጂ! እንዳለህ አውቃለሁ፣ ተደብቀህ ነው!" እያልሽ ትስቂያለሽ። እየቀለድኩ መስሎሻል።

ይህን ወረቀት በበሩ ስር እሰድልሻለሁ። እዚያው ቆመሽ አንብቢው። ስትጨርሺ፣ መግባት ከፈለግሽ፣ በሩ አልተቆለፈም።

አጎትሽ