አባባን ከፕሮግራሙ ስለማውጣቴ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

አባባን ከፕሮግራሙ አውጥቼዋለሁ። ከቢሯችን ልጅ ከሙጫ ወይም ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ስማው ብዬ ነው በዚህ የምጀምረው። ስልክ ብደውልልህ ኖሮ ገና "አባባን" ስል ትዘጋብኝ ነበር። ደብዳቤ ላይ ግን አፌን ማስያዝ አትችልም፤ ስለዚህ ወንበርህን ሳብ አድርገህ ተቀመጥና እስከ መጨረሻው አንብበኝ።

ይቅርታ ልጠይቅህ አይደለም የምጽፈው። ትክክል ነኝ፤ ትክክል መሆኔንም አውቃለሁ። የምጽፈው ሰኞ ጠዋት አዲሱን ፕሮግራም ወደ ጤና ጣቢያዎቹ ሁሉ ስልከው አንተ ከጎኔ እንድትሆን ስለምፈልግ ነው። ኩርፊያህ ከልጅነትህ ጀምሮ ረጅም ነው፤ ፕሮግራሙን መቆራረጥ ከጀመርኩ ወዲህ ያለው ግን ከልክ አለፈ።

በስብሰባው ክፍል ያልከውን ታስታውሳለህ። የጤና ጣቢያዎቹ ኃላፊ "ይህ ፕሮግራማችሁ እስኪከፈት ድረስ በሽተኛው ድኖ ቤቱ ይገባል፤ በዚህ ወር ካላስተካከላችሁት ወደ ወረቀታችን እንመለሳለን" ብለው ጽፈውልን ነበር። እነሱ ከሄዱ ቢሮውን መዝጋታችን እንደሆነ እዚያ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቃል። አንተ ግን ትከሻህን ነቅነቅ አድርገህ "ኮምፒውተራቸውን ይቀይሩ" አልክ። ሁሉም ሳቀ፣ እኔ አልሳቅሁም። "ሄጄ አያለሁ" ብዬ ስነሳ "ሂጂ፤ ግን የመክፈቻውን ቪዲዮ እንዳትነኪ" አልከኝ። አየህ፣ ያኔም የት እንደሚያመን ታውቅ ነበር።

በአባባ መድኃኒት ቤት ጓዳ ውስጥ፣ በካርቶኖቹ መሃል ተቀምጠን የመጀመሪያውን ስንሠራ የነበረውን ነገር አስበው እስቲ። ፕሮግራሙ የሚያውቀው ሦስት አራት ነገር ነበር፤ የመድኃኒቱን ስም፣ የሚያበቃበትን ቀን፣ ማን ምን እንደወሰደ፣ ለማን ምን መስጠት እንደማይገባ። አባባ ቁልፉን ሲጫነው ይከፈታል፣ በቃ። ስለ ፍጥነት አውርተን እንኳ አናውቅም። ኮምፒውተሩ አቅመ ቢስ ስለነበር ትንሽ ትርፍ ነገር ከጨመርንበት ያኮርፋል፤ ስለዚህ ወደድንም ጠላንም ቁጥብ ሆነን አደግን። ብልሆች ነበርን ልልህ አይደለም። መባለግ የምንችልበት ዕድል አልነበረንም እንጂ!

ከዚያ ደንበኛ መጣ፣ ደንበኛውም አንተን አገኘ። አንተ ደግሞ እምቢ ማለት አልፈጠረብህም። አንዱ ሠራተኞቹ በፕሮግራሙ ውስጥ መልእክት እንዲለዋወጡ ፈለገ፣ እሺ አልክ። አንዷ ኃላፊ የሠራተኛ ልደት ሲሆን አበባ ከላይ እንዲዘንብ ጠየቀች፣ እሺ አልክ። አንድ ሰው ደግሞ ጥግ ላይ የአየር ሁኔታ ይታየኝ አለ። ያ ሰው ሥራውን ከለቀቀ ስንት ጊዜው! የእሱ የአየር ሁኔታ ግን እስካለፈው ሳምንት ድረስ በየጤና ጣቢያው፣ በየደቂቃው "ዝናብ አለ ወይ?" እያለ ኢንተርኔቱን ሲያጨናንቅ ነበር። መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ሰው ቀና ብሎ ቢያይ አይበቃውም? የአንተንም ሰንጠረዥ አልረሳሁትም፤ ማን የትኛውን ቁልፍ ስንቴ እንደነካ እየተቆጠረ ይላክልሃል። አንተ ለአለቆቹ አሳይተህ ታስጨበጭባለህ፣ ከዚያ ወዲያ ዞሮ የሚያየው የለም።

ሙጫም አለልህ። ቅጽል ስሙን ያወጣህለት አንተ ነህ፤ አንድም ነገር ራሱ ሳይጽፍ የሌላውን እየለጣጠፈ የፕሮግራሙን ፊት የሚያሳምርልን ልጅ። አንዲት ቁልፍ ስትነካ ቀለሟ እንዲቀየር ብሎ የሆነ ዝግጁ ጥቅል ከኢንተርኔት አመጣ። ጥቅሉ ሌላ ጥቅል ካልመጣልኝ አልሠራም አለ፤ ያኛውም ዘመዶቹን ጠራ። አንድ እንግዳ ጋብዘን መንደር ሙሉ ማስተናገድ ሆነ። ስጠይቀው ምን እንዳለኝ ታውቃለህ?

"እህትዬ፣ እኔ ማሽን ላይ እኮ ይበራል!"

"አንተ ማሽን ላይማ ድንጋይም ይበራል" አልኩት።

ነገሩ ያለው እዚሁ ላይ ነው፣ ወንድም ጋሼ። ለሁላችንም የመጨረሻውን ፈጣን ኮምፒውተር የገዛኸው ለእኛ አዝነህ ነው፤ እግዜር ይስጥልን። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ቢሮው ውስጥ ሸክሙ የሚሰማው ሰው ጠፋ። የምንጭነው እኛ፣ የሚሸከመው ሌላ ሰው። ሲጨመር ደግሞ መቀነስ የሚባል ነገር የለም። ውስጡን ስበረብር "ይህ አይነካ። ለምን እንደሆነ አላውቅም" የሚል ማስታወሻ አገኘሁ። ትንሽ ወረድ ስል ሌላ ሰው "እኔም አላውቅም" ብሎ ጨምሮበታል። ብቻዬን ሳቅሁ።

አሁን ወደ ጤና ጣቢያው ልውሰድህ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የምርመራ አልጋ፣ የመድኃኒት መደርደሪያ፣ ፊደሎቹ ተፍቀው ያለቁ የኮምፒውተር ቁልፎች። ውጭ አግዳሚው ላይ ሰው ተጠጋግቶ ተቀምጧል። ሲስተር መነጽሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትሠራለች፤ እኔ ከኋላዋ ቆሜ አያለሁ። አንዲት ሴት ትኩሳት ያቃጠለው ሕፃን ታቅፋ ገባች። አክስቱ ናት። እናቱ ሥራ ላይ ናት፣ ስልኳም አይነሳም። ሲስተር መርፌውን ከማዘጋጀቷ በፊት "የማይስማማው መድኃኒት አለ?" ብላ ጠየቀች፤ አክስትየው አታውቅም። ካርዱ ፕሮግራሙ ውስጥ ነው። ሲስተር ኮምፒውተሩን ቀሰቀሰችና ተጫነችው።

አባባ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ።

"ኤጭ! መጣ ደግሞ ሰውዬው" አለች።

ጣቷ ቀድሞ "ዝለል" የሚለው ላይ ደርሷል። አባባ "እንኳን ደ..." እንዳለ ኮምፒውተሩ ቀጥ አለ። አፉ እንደተከፈተ፣ አንድ እጁ እንደተነሳ ቀረ። ሕፃኑ ያለቅሳል። ሲስተር ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችውና "በል ወይ ተናገር ወይ ዝጋ!" አለችው፤ አባባን። አክስትየው በፍርሃት አንዴ እኔን አንዴ አባባን ታያለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

በስንት መከራ ተከፈተ። የልጁ ካርድ ላይ በቀይ ተጽፏል፤ ሲስተር እጇ ላይ የነበረው መድኃኒት ለእሱ የማይሆን ነው። መልሳ መደርደሪያው ላይ አኖረችው፣ ሌላ አነሳች። ልጁ ደህና ነው፤ እሱን አትጨነቅ። ያቺን ቀይ ጽሑፍ ያኖርናት ገና ጓዳ ውስጥ ሳለን ነው፣ ታስታውሳለህ፤ አባባ "ከሁሉ በፊት ይቺን" ብሎ። ከፊቷ ያን ሁሉ ጓዝ የደረደርነው ግን በኋላ ነው።

ሰው ጋብ ሲል ሲስተር ወደ እኔ ዞር አለች። "ለመሆኑ ይሄ ሰውዬ ማነው? የድርጅቱ ባለቤት ነው?"

"አባቴ ነው።"

"ውይ! ምነው ምላሴን በቆረጠው!" ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። "በሕይወት አሉ?"

"የሉም።"

"ነፍሳቸውን ይማር።" ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። "እውነቱን ልንገርሽ እህቴ። ደግ ሰው ይመስላሉ። ግን ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነው የሚመጡብኝ።"

ወጥቼ ግቢው ውስጥ አለቀስኩ። አንተ አባባ በየቀኑ በየጤና ጣቢያው ይታያል ብለህ እንደምትጽናና አውቃለሁ። ይታያል፣ አልካድኩም። ግን በየጠዋቱ በየክፍሉ አንድ ጣት ተነስቶ አፉን ይዘጋዋል፤ ተናግሮ ሳይጨርስ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳያደርስ። ዕድሜውን ሙሉ ሰው አክብሮት የኖረን ሰው "ኤጭ" አስባልነው። ልትቀርጸው የሄድክ ቀን ጠዋት ደውሎልኝ ነበር። "መድኃኒት የቸኮለ ሰው የእኔን ወሬ ቆሞ ይሰማል ብለሽ ነው?" አለኝ። እኔም "ተወው አባባ፣ ደስ ይበለው" አልኩት። እንግዲህ እሺ ባይ አንተ ብቻ አይደለህም። ፕሮግራሙን ሰነፍም ክፉም ሰው አላበላሸውም፤ ያን ሁሉ ያስገባነው አንድ ሰው ደስ ይበለው እያልን ነው።

ከዚያ ወዲያ መቀስ አነሳሁ። ክትባት ክፍሉ ጥግ ላይ ጠረጴዛ ሰጡኝ፤ ቀን ቀን እዚያ እየተቀመጥኩ አንድ ነገር ባወጣሁ ቁጥር ሲስተር በእሷው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ትሞክረዋለች። የአየር ሁኔታው ወጣ። አበባው ወጣ። የሙጫ መንደርተኛ ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ፤ ቀለም የምትቀይረዋን ቁልፍ ራሴ በጥቂት መስመር ጻፍኳት። "አይነካ" የሚለውንም ነካሁት፣ ምንም አልሆነም። ሰንጠረዥህ ወጣ። መጨረሻ ላይ አባባን አወጣሁት።

ያን ቀን ሲስተር ስትጫነው ወዲያው ተከፈተ። እሷ ግን ጣቷን አየር ላይ እንዳንጠለጠለች ቀረች።

"ምነው? ተበላሸ እንዴ?"

"ተከፈተ እኮ።"

"በቃ? ይሄው ነው?" መነጽሯን አጥልቃ ቀረብ ብላ አየችው። ከዚያ በሩን ከፍታ "የሚቀጥለው!" ብላ ተጣራች።

ሙጫ ደውሎ "ራቁቱን አስቀረሽው፤ እንዲህ ሆኖ ማንም አለቃ አይገዛልንም" አለኝ። ማን እንደላከው መቼም አልጠፋኝም። ለዚያ መልሴን እነሆ፤ የጤና ጣቢያዎቹ ኃላፊ መጥተው ሦስት በሽተኛ ሲስተናገድ ቆመው አዩና ወደ ወረቀት የመመለሱን ነገር ትተውታል። ሰኞ ሁሉም ቦታ ይግባልን ብለዋል። ስለዚህ በንግዱ በኩል ክርክር የለንም።

የቀረን አባባ ነው። ስለ እሱ አንድ ነገር ልነግርህ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት።

እያንዳንዱ ነገር ስንት ቦታ እንደያዘ ስመዝን ትልቁ የአባባ ቪዲዮ ሆኖ አገኘሁት፤ ሌላው ሁሉ ተደምሮ አይደርስበትም። ገረመኝ። የአባባ ሰላምታ አጭር ነው፤ ይህን ያህል ቦታ የሚይዝበት ምክንያት የለም። ሙጫን ስጠይቀው "ወንድምሽ እንደሰጠኝ አስገባሁት፣ እስከ መጨረሻው አላየሁትም" አለኝ። ማንም አላየውም፣ ወንድም ጋሼ። እኔም አላየሁትም፤ ድምፁን ስሰማ ሆዴ ስለሚባባ ሁልጊዜ ቶሎ እዘጋው ነበር። ከማውጣቴ በፊት ግን በሩን ዘግቼ ሙሉውን አየሁት።

ሰላምታውን ይጨርሳል። ቀና ብሎ ወደ አንተ ያይና "ጨረስኩ?" ይላል።

"ጨርሰሃል አባባ" ትላለህ፤ ድምፅህ ብቻ ይሰማል።

"እንግዲያው ና ተቀመጥ። ከመጣህ ጀምሮ ቆመህ ነው።"

ካሜራውን አላጠፋኸውም። ከጎን ገብተህ አጠገቡ ባለው ወንበር ላይ ትቀመጣለህ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። አንድ ቃል አትነጋገሩም። እሱ እጁን ጉልበትህ ላይ አሳርፎ በሩን ያያል፣ አንተም በሩን ታያለህ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ መደርደሪያው ላይ ያለው ፀሐይ ቀስ እያለ ይወርዳል። አንድ ጊዜ አባባ ወደ አንተ ዞሮ ያይህና ፈገግ ይላል፤ አንተ አላየኸውም። ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ እንደዚያው ናችሁ።

ያን ሁሉ ቦታ ይዞ የነበረው ይህ ነው። በየጤና ጣቢያው፣ በየአሮጌው ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ፣ በየጠዋቱ አንተና አባባ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ፣ ዝም እንዳላችሁ ከፕሮግራሙ ጋር ትጫኑ ነበር፤ አንድም ሰው ሳያያችሁ።

ቤቴ ይዤው መጥቻለሁ፤ አንዲት ደቂቃም አልቆረጥኩበትም። ቅዳሜ ከሰዓት ልጆችህን ይዘህ ና፣ እስከ መጨረሻው እናየዋለን። ሰኞ ጠዋት ግን መጣህም ቀረህም ፕሮግራሙን እልከዋለሁ።

ናልኝ።

እህትህ