ኦረስት ይቆይ ወይስ ይሂድ

ለምወድህ ወንድሜ፣

እንዴት ነህ? ጤናህስ? ያ የተሰበረው ጣትህ ዳነልህ? በቆርቆሮ ሾርባ ብቻ እንዳትኖር እማዬ ትጨነቃለች። እኛ ደህና ነን፤ ንፋሱ ብቻ ነው የጠናብን። በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ድምፅህን ስሰማ ግን ስለ አየሩ ብቻ አወራሁ። አፌን ታውቀዋለህ። እንግዲህ በወረቀት ይሁን።

ትናንት የበረዶ ሆኪ ክለባችን ስብሰባ ተደረገ! የኦረስት ዳኒሉክ ጉዳይ አለቀለት!

አንተ ራስህ ነህ የጻፍክልን። «እሱ ከወጣ የተከላካይነቱ ቦታ የእኔ ነው፤ የከተማችን አሰልጣኝ ነግሮኛል። መጥቼ ለከተማዬ እጫወታለሁ። አንቺና እማዬ ይሂድ ከሚሉት ጋር ቁሙልኝ» ብለህ። እማዬ ደብዳቤህን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋዋለች።

እንደወትሮው፣ የሜዳውን በረዶ የሚያቀዘቅዘው ማሽን ለበጋ ከመጥፋቱ በፊት፣ አባላቱ ሁሉ በመጨረሻው በረዶ ላይ ወጣን። ይቆይ የሚል ወደ እኛ ጎል፣ ይሂድ የሚል ወደ እንግዳው ጎል ሄዶ ሊቆም ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ክርክር ብትሰማ! ሊቀመንበሯ ወይዘሮ ማርሊስ ዝም የሚያሰኙን በፊሽካ ነበር።

ባለጋራዡ ላርስ፣ «በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ማን ይሮጣል? በረዶ ማለስለሻው መኪና እንኳ ይቀድመዋል! በእሱ ክፍያ ሁለት ወጣት እናመጣለን» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ። ወይዘሮ ፔትራ ከወዲያ ሆነው፣ «አንተ ከሶፋህ ለመነሳት ሰው እየጠራህ እሱን ታማለህ? ባለፈው ጥር አራት ምት በደረቱ የመለሰው ማነው፣ መኪናው ነው?» አሉት። ላርስም፣ «እማማ፣ ደረት ከሆነማ የእኔ ይሰፋል!» አላቸው። እኔ እንኳ ሳቅኩ።

ኦረስት አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። «ጎበዝ፣ ቶሎ ጨርሱ፤ ለሽማግሌ እግር ብርድ አይሆንም» ብሎ አብሮ ሳቀ። ቆቡን ግን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞት ነበር። እኔ አየሁት።

ከዚያ ሰው ወደየጎሉ ሄደ። እማዬ ሳትወላውል ወደ አንተ ወገን ሄደች፤ ዞር ብላም በዐይኗ ጠራችኝ። ወይዘሮ ማርሊስ ቆጠሩ። አርባ አንድ ለአርባ አንድ! ደግመው ቆጠሩ። ያው ነው! ሰው ጮኸ። ያኔ ላርስ፣ «ያቺ ልጅስ? መሃል የቆመችው?» አለ።

መሃል የቆምኩት እኔ ነኝ፤ ቀዩ መስመር ላይ፤ እግሬ እንቢ ብሎኝ። ያ ሁሉ ዐይን እኔ ላይ! ጆሮዬ ሲግል ይሰማኛል።

ወንድሜ፣ ስንት ነገር ተወራ መሰለህ፤ ስለ ክፍያው፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ዕድሜው። ማክሰኞና ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ሜዳውን ከፍቶ መብራት የሚያበራው እሱ ነው። ለማን እንደሚያበራው ግን ማንም አልጠየቀም። እኔም አልተናገርኩም።

እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም። ብቻ ሄድኩ። ወደ እኛ ጎል ሄድኩ! ወይዘሮ ፔትራ አጥንቴ እስኪንቋቋ አቀፉኝ። ላርስ፣ «እንዴ! ድምፅ የሌላት ልጅ ናት ያሸነፈችን?» እያለ ከሩቅ ይጮሃል። ኦረስት ቆቡን መልሶ አደረገና በአገጩ ብቻ ሰላም አለኝ።

እማዬ እስከ ቤት ድረስ ከፊት ከፊቴ ፈጥና ሄደች። በራት ሰዓት ግን ድንቹን ቀድማ ለእኔ አወጣችልኝ።

እንደምትቆጣኝ አውቃለሁ። ይቅር በለኝ እልሃለሁ እንጂ ተሳስቻለሁ አልልህም። አንተን የሚፈልግ ቡድን ሞልቷል፤ የአሁኑ አሰልጣኝህ እንኳ የእኛ ልጅ ፈጣን ነው ብሎ ለእማዬ ደውሏል። ናፍቀኸኛል። የምትመጣበትን ቀን ያራዘምኩት እኔ መሆኔን ሳስብ ያመኛል። ደግሞ ወዲያው ደስ ይለኛል። ሁለቱም አንድ ላይ ናቸው፤ እንቅልፍ ነሱኝ።

ሌላም ልንገርህ፣ አንድ ጊዜ ከተቆጣህ አይቀር። ከአልጋህ ሥር የነበረውን የትከሻ መከላከያህን ወስጄዋለሁ፤ ማክሰኞና ቅዳሜ በረዶው ላይ የምለብሰው እሱን ነው። ማሰሪያውን ትንሽ ብቻ ነው ያጠበብኩት።

ጣትህን ይማርልህ። የምትረግጠው በረዶ አይክዳህ፤ በሄድክበት ሁሉ ደግ ሰው ያጋጥምህ።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ