ሳይለኩ የማይነኩት የጋሽ ልኬት የሕይወት ታሪክ

ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ልኬት እያለ የሚጠራቸው የዛሬው ተሰናባች ከሰዓት ሠሪው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ ጥር 9 ቀን 1956 ዓ.ም. ተወለዱ። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው ነው። ቤተሰቡ ለዚህ የመረጠው አስተማሪ ስለሆነና ብዕር ስለለመደ ነው እንጂ ይገባዋል ብሎ አይደለም።

በሰባት ዓመታቸው የአባታቸውን ራዲዮ ፈታተው መልሰው ሲገጥሙት ሁለት ብሎን ተረፋቸው። ራዲዮው ግን ሠራ። አባታቸው ብሎኖቹን ኪሳቸው ከተው «የፈለጋቸው ቀን ራሱ ይጠይቀኛል» እያሉ ለእንግዳ ሁሉ ያሳዩ ነበር። ጋሽ ልኬት በዚህ መሳቅ የቻሉት ካደጉ በኋላ ነው። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በ1974 ዓ.ም. ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብተው ከሁለት ዓመት በኋላ በኤሌክትሪክ ሙያ ተመረቁ። በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥገና ክፍልም አሥራ ስምንት ዓመት አገለገሉ።

ባለቤታቸውን ያወቁት እዚያው ፋብሪካ ነው። ባለቤታቸው እንደሚሉት ቃል የተናገሯቸው በተዋወቁ በሦስተኛው ዓመት ነበር፤ እስከዚያ ሲለኩ ከርመው። በ1980 ዓ.ም. ተጋብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወልደዋል።

በ1994 ዓ.ም. ከጽሕፈት መሣሪያ መደብሩና ከፀጉር አስተካካዩ መሃል፣ አራት ደረጃ ወደ ታች በምትወርደው ክፍል የላፕቶፕ ጥገና ከፈቱ። መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ የሞተ ላፕቶፕ ሁሉ መድረሻው እሳቸው ዘንድ ሆነ። ጋሽ ልኬት መጀመሪያ ባትሪውን ይነቅላሉ፤ ከዚያ ቀዩ ሽቦው በፕላስተር በተጠቀለለ መለኪያቸው ይለካሉ። ቻርጀሩ በሚሰካበት በኩል፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ፊውዝ አለች፤ ፍሰቱ ከልክ ሲያልፍ ቀድማ ተቃጥላ ሌላውን ታድናለች። ሌላ ጠጋኝ እሷን ቀይሮ ደንበኛውን ይሸኛል። እሳቸው ግን «ይቺ በራሷ አልሞተችም፣ የገደላት አለ» ብለው ገዳዩን ይፈልጋሉ። ፍሰቱን በሚገድብ የኃይል መስጫ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይለቁና ቦርዱ ላይ አልኮል ያንጠባጥባሉ። አልኮሉ ከሁሉ ቀድሞ የደረቀበት ቦታ የጋለው ነው፤ ጥፋተኛውም እዚያ ተደብቋል። ነገሩ አንዳንዴ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ደንበኛ ሲነጫነጭ ቀና ሳይሉ «ወንበር አለ» ይሉታል። ፀጉር አስተካካዩም ከአልኮሉ ሽታ የተነሣ «ጋሽ ልኬት፣ ዛሬም ቦርዱን አጠጡት እንዴ?» እያለ ሲቀልድባቸው ኖሯል።

አሁን ቤተሰቡ በሙሉ የሚያውቀው፣ ግን ማንም በትክክል ያልሰማው ነገር መነገር አለበት።

አባታቸው በ2006 ዓ.ም. ከማረፋቸው በፊት ታናሽ ወንድማቸው ለሦስት ወር አጠገባቸው እየተቀመጠ ሕይወታቸውን ሲተርኩ ድምፃቸውን ቀርጾ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ቀረጻ በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ተቀመጠ። ሌላ ቅጂ አልነበረውም፤ ዛሬ ነገ ሲል ሳያስቀምጥ ቀረ። በጥቅምት 2007 ዓ.ም. ዘመድ ሁሉ ያንን ድምፅ ሊሰማ በተጠራበት ቀን፣ ጠዋት መብራት ሄዶ ሲመለስ ላፕቶፑ ድርግም አለ። ታናሹ ይዞት ወንድሙ ዘንድ ሮጠ። ጋሽ ልኬት ለኩት፤ ፊውዟ ተቃጥላለች። አልኮሉን ሊያነሡ እጃቸውን ሲዘረጉ ታናሹ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጠየቃቸው። ሁለት ሰዓት አሉት።

ያን ጊዜ የተናገረውን ታናሽ ወንድማቸው ቃል በቃል ያስታውሰዋል። «ጋሼ፣ ሰው ተሰብስቦ እየጠበቀ ነው። ዝም ብለህ በሽቦ አገናኘው።» እሳቸው እንደማይሆን ነገሩት። እሱ ግን ሰዓቱን እያየ፣ ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ አናታቸው ላይ ቆመ። «ወንድምህ ነኝ፤ ለእኔ እንኳ አንድ ቀን ልኬቱን ተወው» አላቸው። ጋሽ ልኬት በሥራ ዘመናቸው ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ በተቃጠለችው ፊውዝ ላይ አንዲት ቀጭን ሽቦ በየዱ። ላፕቶፑ ተነሣ። ታናሹም ይዞት በረረ።

አርባ ደቂቃ ሠራ። በቀረጻው አባታቸው የልጅነታቸውን ወንዝ ሊሻገሩ ሲሉ፣ በዘመድ ሁሉ ፊት፣ ከቁልፎቹ ሥር ጭስ ወጣ። የድምፁ ማስቀመጫ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለነበር አብሮ ነደደ። ዘግይተው የደረሱት ጋሽ ልኬት ከበሩ ላይ ቆመው ሳሉ ታናሽ ወንድማቸው ጣቱን ቀስሮ «የአባታችንን ድምፅ አቃጠለው» አለ። ማን እንዳስቸኮላቸው አልተናገረም። እሳቸውም አልተናገሩም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ወንድማማቾቹ ለአሥር ዓመት አልተነጋገሩም። ዘመዶች ላፕቶፓቸው ሲበላሽ ሌላ ጠጋኝ ዘንድ መውሰድ ጀመሩ። በየሰርጉና በየለቅሶው «ያ የአባቱን ድምፅ ያቃጠለው» ተብሎ በሹክሹክታ ሲነገር ታናሽ ወንድማቸው ሰምቶ እንዳልሰማ አልፏል። ባለቤታቸው የሆነውን ሲጠይቋቸው «እጁ የእኔ ነው» ከማለት ሌላ መልስ አላገኙም። ይህን ሲጽፍ የታናሽ ወንድማቸው ፊት በእፍረት ይነድዳል፤ እዚህ ቆሞ ሲያነበውም እንደዚያው ነው።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት የሳንባ ሕመም ያዛቸው። ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም. ባለቤታቸው ስልክ ደውለው ታናሹን ወደ ሆስፒታል ጠሩት። ሲገባ አዩትና በደከመ ድምፅ «ወንበር አለ» አሉት። ተቀመጠ። እጃቸውን ይዞ ሊናገር አፉን ሲከፍት ነርሷ የጥየቃ ሰዓት ማለቁን ነገረችው። ሊሟገታት ይችል ነበር። በሕይወቱ መቸኮል የነበረበት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ እሱ ግን «በቃ፣ ነገ እመጣለሁ» ብሎ ወጣ። በማግስቱ ኅዳር 14 ቀን ማለዳ ጋሽ ልኬት በስልሳ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ልጃቸው ትናንት ከሱቁ ያመጣችው ደብተር ውስጥ የጠገኑት ሁሉ ተመዝግቧል። በጥቅምት 2007 ዓ.ም. ገጽ ላይ በእጃቸው እንዲህ ይላል፦ «ብልሽት፦ ፊውዝ። የተደረገ፦ በሽቦ ተገናኘ። ውጤት፦ ተቃጠለ። ምክንያት፦ ሳልለካ ነካሁ።» ሌላ ቃል የለም። ታናሽ ወንድማቸው ከዚያ መስመር ሥር በገዛ እጁ «ወንድሜ አስቸኩሎኝ» የሚለውን ጨምሮበታል። ጋሽ ልኬት በየቦርዱ ሲፈልጉት የኖሩት ጥፋተኛ በዚያ ቀን አናታቸው ላይ ቆሞ ነበር፤ እዚህ የተሰበሰባችሁ ሁሉ ይህንን ይዛችሁ እንድትሄዱ ይለምናችኋል።

ጋሽ ልኬት ከባለቤታቸው፣ ከሁለት ልጆቻቸውና ከሦስት የልጅ ልጆቻቸው፣ እንዲሁም ይቅርታ ሳይጠይቃቸው ከቀረው ከአንድ ወንድማቸው ተለይተዋል። ለቤተሰቡ መጽናናትን ይስጥልን። ነፍሳቸውን በመልካሙ ስፍራ ያሳርፍልን፤ ከእንግዲህ የሚያስቸኩላቸው የለም።