ባዶው ውኃም በራ

ግንቦት 3 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ እንጅባራ

ዝናብ። ብርድ። ቢሮ ተቀምጬ ሁለት ወረቀት ፈርሜ ዋልኩ። የእርሻ ኮሌጅ የጨረስኩት ለዚህ ነው?

ማምሻውን ግን የአፈር መመርመሪያው ሣጥን ከአዲስ አበባ ደረሰ! ሐምራዊ ብርሃን የሚሰጠው መብራት ደኅና። ባትሪው ደኅና። ሞሪን የሚባለው ቢጫ ዱቄትም ደኅና። ትልቁ ጠርሙስ መንገድ ላይ ተሰብሯል... ምን ቸገረኝ፣ ከዳንግላ የገዛሁት አዲስ ማንቆርቆሪያ አለ።

ግንቦት 5

ከዘንገና አቶ አየነው የሚባሉ ገበሬ መጡ። ሦስት ዓመት ሙሉ ገብሳቸው ስንዝር ሳይሞላ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ዘመዶቻቸው ቆላ ወርደዋል፤ እሳቸውም ሊወርዱ ነው። ሚስታቸው ወይዘሮ ይታይሽ ግን ቆላ ከምወርድ ሞቼ ልገኝ ብለዋል። ወንድማቸውን የቆላ ወባ ነው የበላባቸው።

«ልጄ፣ ቁርጡን ንገረኝ። እንዝራ ወይስ እንውረድ?»

ዕድሜ ልካቸውን ስላረሱት መሬት እኔን ይጠይቁኛል! ገና ሃያ ሦስት ዓመቴ...

ግንቦት 10

ዛሬ ሞከርኩት።

ከአቶ አየነው እርሻ አፈር አመጣሁ። አሲድ ጠብ ያደረግሁበትን ውኃ ከማንቆርቆሪያው ቀዳሁ፣ አፈሩን በጠበጥኩ፣ አጠለልኩ፣ ሞሪን ጨመርኩ። መስኮቱን በጋቢ ጋረድኩ። መብራቱን አበራሁ...

አረንጓዴ! ከላዩ የወደቀ ብርሃን አይደለም፤ ከራሱ ከውኃው ውስጥ የሚወጣ ነው። ሚዛን የማያነሣው፣ ዓይን የማያየው የአሉሚኒየም ቅንጣት፣ ሞሪኑ ሲይዘው «አለሁ» ይላል። የገብሱን ሥር የሚያኮማትረው እሱ ነው። ኮሌጅ ሳለሁም አይቼዋለሁ፤ ያኔ ግን ፈተና ነበር። ዛሬ የሰው መሬት ነው።

አቶ አየነው ጎንበስ ብለው አዩ።

«ጋኔን ነው?»

«ብረት ነው፣ ጋሼ። ድስት የሚሠራበት ዓይነት።»

«እርሻዬ ላይ ድስት በቅሏል በለኛ!»

ግንቦት 12

ከወይዘሮ ይታይሽ ጓሮም አፈር ወሰድኩ። አመድ የሚደፉበት ቦታ ነው፤ ጎመኑ ያስጎመጃል። እሱም በራ። «መሬታችሁ ሁሉ ታሟል» አልኳቸው። ቶሎ አልኩት...

«በቃ፣ እንወርዳለን» አሉ አቶ አየነው። ቅዳሜ በሬያቸውን አዲስ ቅዳም ገበያ ሊያወጡ ነው።

ወይዘሮ ይታይሽ ግን ትክ ብለው አዩኝ። «ጓሮዬ ታሟል? ታዲያ እስካሁን የበላነው ጎመን ምንድን ነው?»

ብልቃጤን ጠቅልዬ ወጣሁ።

ግንቦት 15፣ ቅዳሜ

ጎመኑ። ሁለት ቀን ሙሉ ያ ጎመን...

ዛሬ ጧት ያለ አፈር ሞከርኩት። ውኃውን ብቻ። በራ። ባዶው ውኃ በራ! ማንቆርቆሪያውን ገልብጬ አየሁት፤ አሉሚኒየም። አሲዱ እሱን እየበላ፣ እኔ የመሬት በሽታ ብዬ ከማንቆርቆሪያ ስቀዳ! መጀመሪያ የሚሞከረው ባዶው ነው። ስንቴ ተነግሮኛል?

ጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥዬ አዲስ ቅዳም። አቶ አየነው የበሬውን ገመድ ለገዢ ሊያቀብሉ ሲሉ ደረስኩ።

«አይሽጡ! ተሳስቻለሁ!»

«ምኑን?»

«የበራው ማንቆርቆሪያዬ ነው።»

ገበያተኛው በሳቅ ፈረሰ። አንዱማ «ይህን ሁሉ ዓመት ተምረህ ማንቆርቆሪያ አሸነፈህ!» አለኝ። ጆሮዬ ጋለ። አቶ አየነው አልሳቁም። ገመዱን መልሰው እጃቸው ላይ ጠመጠሙ።

«ልጄ ደርበው፣ ሌላ ጊዜ ከመናገርህ በፊት ሩጥ» አሉኝ።

ግንቦት 17

አዲሱን ውኃ በአረቄ ጠርሙስ አዘጋጀሁ። ባዶው ጨለማ። ተመስገን! እርሻው አረንጓዴ። ጓሮው... ጨለማ!

ያው አፈር፣ ሃያ እርምጃ ብቻ ተራርቆ። ብረቱ የትም አልሄደም፤ አመዱ አስሮ አስተኝቶታል። ምድር ከእግራችን ሥር ስንት ነገር ታስራለች፣ ስንት ነገር ትፈታለች? እኛ ደግሞ እላይዋ እንመላለሳለን...

ወይዘሮ ይታይሽ ሁለቱን ብልቃጦች አስተያዩ። «እንግዲያ የሚያበላን የጨለመው ነዋ!» ከዚያ በአገውኛ ለባላቸው አንድ ነገር አሉና ሁለቱም ሳቁ። በእኔ ሳይሆን አይቀርም።

ግንቦት 24

ጆንያ ይዤ ቤት ለቤት አመድ ልመና። «አመድ ለማኙ መጣ!» ይሉኛል። የተገኘው ሁሉ ከእርሻው አንዱን ጥግ ብቻ ነው የሸፈነው።

«ይህ ካልያዘ ከመስቀል በኋላ እንወርዳለን» አሉ አቶ አየነው።

ሰኔ 8

ተዘራ። ጥጉም፣ የቀረውም።

ነሐሴ 4

ዘንገና ሄድኩ። አመድ የነካው ጥግ ጥቁር አረንጓዴ። የቀረው ቢጫ። መካከላቸው ያለው መስመር በገመድ የተለካ ይመስላል። መብራትም፣ ሞሪንም አላስፈለገም... ቆሜ ቀረሁ።

ወይዘሮ ይታይሽ ከጥጉ አንድ ቡቃያ ነቀሉ። ሥሩ ነጭ፣ ረጅም፣ አፈሩን አቅፎ ወጣ። ከስንዝር ይበልጣል።

አቶ አየነው ድንገት ተቆጡ።

«ምን ሆነሽ ነው የነቀልሽው? መልሰሽ ትከዪው!»

ወይዘሮ ይታይሽ ጭቃው ላይ ተንበርክከው ተከሉት። አቶ አየነውም ከጎናቸው ተንበረከኩና ዙሪያውን በእጃቸው አፈር አለበሱት።