ከላፕቶፑ ሥር የተነጠፈው ዳንቴል

ውድ ሳሊሀ፣

ዳንቴሉን እንድልክልሽ በስልክ ስትጠይቂኝ «እሺ» ብዬ ብቻ ዘጋሁት። ባለቤቴ አክበረት «ናይሮቢ ድረስ የሄደች ልጅ ስትደውል ሁለት ቃል አታናግራትም? ምን ዓይነት ሰው ነህ!» እያለች ስትቆጣኝ ዋለች። በስልክ ማውራት አልወድም። ማመስገን ደግሞ ከድሮም አይሆንልኝም። ይህን ወረቀት ከዕቃው በላይ ያስቀመጥኩት ቀድመሽ እንድታነቢው ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ረሻድ ላፕቶፑን ሲሸጥልሽ አታልሎሻል ብዬ ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው ነው የምለው። ያ ቀጭን ማሽን የሠራሽውን ጌም ስትከፍቺው እንደ ነፋስ ይሮጥና ጥቂት ቆይቶ ይንገዳገዳል። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ወዳለው ሱቁ እየጎተትኩ የወሰድኩሽ ለዚህ ነበር።

«ይኼ ዕቃ የታመመ ነው፤ ብሯን መልስ» አልኩት።

«አልታመመም ጋሼ። ቀጭን ስለሆነ ሲሞቀው ቀስ ይላል።»

«ሲሞቀው ቀስ የሚል ዕቃ ለጌም ነው ብለህ ትሸጣለህ?»

«ላፕቶፕ እኮ ነው ጋሼ፤ ሲኖትራክ መሰለዎት እንዴ?» ብሎ ሱቁ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ አሳቀብኝ።

«ሲኖትራክማ ቢሆን ዳገቱን ይጨርስ ነበር!»

አንቺም ሳቅሽ። አልወደድኩትም። ስንመለስ ዳገቱ ላይ ቆም ብለሽ አስረዳሽኝ። ፕሮሰሰሩና ሥዕሉን የሚያወጣው ክፍል አንድ ማቀዝቀዣ እንደሚጋሩ፣ ሣጥኑ ቀጭን በመሆኑ ሙቀቱ ቶሎ እንደማይወጣ፣ ማሽኑ እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን እንደሚቀንስ ነገርሽኝ።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አልኩሽ።

«ማሽኑን መለወጥ አልችልም ጋሼ። ጌሙን ነው የምለውጠው።»

ዕድሜዬን ሙሉ ከባድ መኪና የነዳሁ፣ ሞተርን ከመጽሐፍ ጋር ለብቻዬ ተፋጥጬ የተማርኩ ሰው ነኝ። ሞተር ሲግል ጥግ ይዞ ማቆም ነው የማውቀው። ጭነቱን እየሄዱ ማቅለል የሚባል ነገር ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ አላመንኩሽም።

ጊዜ እንዳልነበረሽ ግን አውቅ ነበር። ስድስት ኪሎ በሚደረገው የጌም ሠሪዎች ትርኢት ላይ የናይሮቢው ድርጅት ለሥራ የሚወስደው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እናትሽ ሸፊቃ ደግሞ ይህ ካልተሳካ አጎትሽ ጨርቅ መሸጫ እንደምትገቢ ቁርጡን ነግራሻለች። በጎናችን ያለው የእናንተ ቤት ቆጣሪ ከሌላ ጎረቤት ጋር የጋራ ስለሆነ መብራቱ በየጊዜው ይቋረጥ ነበር። በዚያ ምክንያት ነው የእኛን ሳሎን ቢሮ ያደረግሽው።

አክበረት መጀመሪያ የመጣሽ ዕለት ላፕቶፑን ባዶ ጠረጴዛ ላይ ስታየው ክፉኛ ደነገጠች። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፣ ፍሪጁ ዳንቴል አለው፣ የማይሠራው ሬዲዮ እንኳ ዳንቴል አለው። ያንቺ ማሽን በምኑ ያንሳል? በወፍራም ክር ጥቅጥቅ አድርጋ ሠርታ፣ ደርባ ሰፍታ፣ በየጠዋቱ ከመምጣትሽ በፊት ታነጥፍልሽ ጀመር።

ጌምሽን አስታውሳለሁ። አንድ ሰማያዊ ላዳ ከጊዮርጊስ ተነስታ ፒያሳን አቋርጣ ወደ ድልድዩ ትወርዳለች። መንገዱ በሰው የተሞላ ነው። ሊስትሮው፣ ሎተሪ አዟሪው፣ ጋቢ የደረበው ሽማግሌ፣ ሁሉም በየራሱ አሳብ ይሄዳል። ማሽኑን የሚያደክመው ይኸው ነው አልሽኝ፤ ፕሮሰሰሩ ለያንዳንዱ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ማሰብ አለበት።

«እንግዲህ ሰው ልትቀንሺ ነው?» ብዬ ተቆጣሁ። «ፒያሳ ያለ ሰው ፒያሳ አይደለም። አንድም ሰው እንዳይጎድል!»

«አይጎድልም ጋሼ።»

አልጎደለም። ከሳምንታት በኋላ መነጽሬን አድርጌ፣ ወንበሬን አስጠግቼ ፈተሽኩት። ለላዳዋ ቅርብ የሆነው ብቻ እንዲያስብ፣ ሩቅ ያለው ደግሞ የለመደውን መንገድ ይዞ ዝም ብሎ እንዲሄድ አድርገሽዋል። የሚያስበውን ከማያስበው ልለይ ብዬ ብዙ አፈጠጥኩ። አልቻልኩም። ያን ዕለት «ደህና ነው» አልኩሽ። ከኔ አፍ ያ ብዙ ነው።

አንድ እሑድ አክበረት ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ሳለ ዳንቴሉን ከማሽኑ ሥር ቀስ ብለሽ ስታወጪ አየሁሽ። ማሽኑ ወዲያው ተነፈሰ፤ ጩኸቱ እንኳ ቀነሰ። ጥቂት ሞከርሽና ዳንቴሉን መልሰሽ አነጠፍሽው።

«አየር መግቢያው በሥሩ ነው እንዴ?» አልኩሽ።

«አዎ።»

«ይኼን ሁሉ ጊዜ ታፍኖ ነው የከረመው? ለምን አትነግሪያትም!»

«እትዬ ለክብሩ ብለው ነው የሠሩት፤ አልነግራቸውም። እርስዎም እንዳይነግሩብኝ። ደግሞ ጋሼ፣ ጌሙን የሚጫወት ሰው ላፕቶፑን የሚያስቀምጠው ብርድ ልብስ ላይ ነው። እዚህ ላይ ካልተንገዳገደ የትም አይንገዳገድም።»

እኔ ብሆን አውጥቼ እወረውረው ነበር።

የትርኢቱ ዕለት ከሸፊቃ ጋር ኋላ ተቀምጠን ነበር። አዘጋጆቹ እንግዳ ለማክበር ጠረጴዛውን ሁሉ በወፍራም ከፈይ ሸፍነው፣ ዳር ዳሩን አጣጥፈው አሳምረውታል። ሳየው ሳቄ መጣ። ካንቺ በፊት የቀረበው ልጅ ማሽን ካንቺው ማሽን እጥፍ ይወፍራል። እሱም ጥቂት እንደሮጠ እንደ ውሃ ፓምፕ መጮኽ ጀመረ፤ ሥዕሉ እየተቆራረጠ ቆመ። «ቤት ስሞክረው እንዲህ አልነበረም!» እያለ ላብ አጠመቀው። አዘንኩለት። ጨርቁን ለማንሳት ማንም አላሰበም፤ ጌጥ ነዋ።

ያንቺ ላዳ ግን ከጊዮርጊስ ተነሳች። ሸፊቃ እጄን ጨምድዳ ይዛ «ያ አላህ፣ ያ አላህ» ትላለች። ሁልጊዜ የሚንገዳገድበት ቦታ ስትደርሽ እኔም ፍሬን እንደሚይዝ ሰው ወለሉን ረገጥኩ። ላዳዋ ሰዉን ሁሉ እያሳለፈች፣ አንድም ሳይጎድል፣ ድልድዩ ላይ ደርሳ ቆመች። አዳራሹ ሲያጨበጭብ ሸፊቃ አላጨበጨበችም፤ ፊቷን በነጠላዬ ጫፍ ታብስ ነበር። ጨርቅ መሸጫውን ከዚያ ወዲያ አላነሳችውም።

እኔ ያን ቀን ያልኩሽ «ቦርሳሽን ዝጊ» ብቻ ነው። ልል የፈለግሁት ይኼ ነበር፦ በዘመኔ ጉልበት ያለው መኪና ይዞ ዳገት የወጣ ሾፌር ብዙ አይቻለሁ። የመኪናውን አቅም አውቆ፣ ሳያማርር፣ ጭነቱን ሳያጎድል የወጣ ግን አንቺን አየሁ።

አንቺ ለእናትሽ ነግረሻት ኖሮ፣ አክበረት የዳንቴሉን ነገር ባለፈው ከሸፊቃ ሰማች። «አፍኜው ነው የከረምኩት በለኛ!» ብላ አዘነች፤ ከዚያ መሃሉ ክፍት የሆነ አዲስ ልሥራላት ብላ ክር ገዝታ መጣች። አይሆንም አልኩ። ተጣላን። እኔ አሸነፍኩ።

አሁን የሰጡሽ ትልቅ ማሽን ሙቀት የማያውቅ መሆኑን ነግረሽኛል። እሱ ላይ ሁሉም ነገር ይሮጣል፤ ደካማው ሥራም ይሮጣል። የሚያሰጋኝ እሱ ነው። ስለዚህ የላክሁልሽ ያው ጥቅጥቁ ነው። ለትዝታ ብለሽ ግድግዳ ላይ እንዳትሰቅዪው። ቀጭኗንም ማሽን እንዳትሸጫት። የሠራሽውን ሁሉ መጨረሻ ላይ አምጥተሽ እሷ ላይ፣ ከሥሯ ይህን አንጥፈሽ ሞክሪው። የቢሮ ሰዎች ቢስቁብሽ ይሳቁ፤ እኔም ተስቆብኛል።

ረሻድ ሰላም ብሎሻል። ሰላምታውን አድርሻለሁ፤ ይቅር ግን አላልኩትም።

ጠረጴዛው እንደተወሽው ባዶ ነው።

ጋሼ ፍቅሬ