ላብ የማያውቀው ማሰሮ

ሐይቅ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኢንሳፍ፣ ጅዳ

እታለም፣ አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱ። ጤናሽን ከመጠየቄ በፊት ከጫንቃዬ የማወርደው ወንጀል አለኝ። እኔ ታናሽሽ ሀኒያ፣ ዕድሜዬ ዐሥራ አምስት፣ አእምሮዬ ሙሉ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን አምናለሁ፦ ስትሄጂ በር ሥር የተውሽውን ቀይ ነጠላ ጫማ በቢላ ቆራርጬ የጣሪያ ምስማር ጎማ አድርጌዋለሁ። ሁለቱንም እግር። እማ ቤት በጠረገች ቁጥር አንስታ፣ ጠርጋ ስትጨርስ መልሳ እዚያው የምታስቀምጠውን፣ ሦስት ዓመት ማንም እንዲነካው ያልፈቀደችውን። ስታይ አልተቆጣችም። የተረፈውን ቁራጭ ለቅማ በሻሿ ጫፍ ቋጠረችና ወደ ጓዳ ገባች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ምን ላድርግ፣ ጎማ አለቀ፤ በልጉ ደግሞ ዘንድሮ አብዷል። ነፋሱ ከሐይቁ ሲነሳ ቆርቆሮውን እንደ ወረቀት ነው የሚያገላብጠው። ስለዚህ ከትናንት ጀምሮ ቤቱን ለዝናብ እያሰናዳን ነው። እያሰናዳን ስልሽ፣ እኔ ጣሪያ ላይ ነኝ፤ አያታችን አባባ ኑርዬና ጎረቤታችን ጋሽ ሙላት ከታች ቆመው ይከራከራሉ።

«ድንጋይ ጫኚበት!» ይላል አባባ።

«ኧረ ኑርዬ፣ ድንጋዩ ራሱ ወርዶ ሊገድልህ ነው! ምስማር ነው የሚያዋጣው» ይላል ጋሽ ሙላት።

«አንተ ጾም ላይ ነህ፣ ራስህ ዞሮብህ ነው።»

«አንተ በልተህ እንዲህ ካልህ፣ ብትጾም ምን ልትል ነው!»

ሁለቱ ያዘዙኝን ሁሉ ብፈጽም ኖሮ ቤታችን ከነነፍሳችን መሬት ይሰምጥ ነበር። ነጎድጓድ ሲጀምርማ አባባን ማየት ነው። መስታወቱን በአንሶላ ይሸፍናል፤ ቀይ ነገር ሁሉ ከግቢው ይውጣ ይላል። መብረቅ ቀይ ይወዳል ብሎ ትናንት ጋሽ ሙላትን ቀይ ሹራቡን አስወልቆ በዚያ ብርድ በካናቴራ አስቁሞታል። ጣሪያው ላይ የመታኋቸው የጎማ ቁራጮች ቀለማቸው ምን እንደሆነ አልነገርሁትም። አደራሽን።

አንቺ እያለሽ ይህ ሥራ እንደ ዒድ ነበር። ትዝ ይልሻል? አንቺ ጣሪያው ላይ፣ እኔ መሰላሉ ሥር ምስማር በአፌ ይዤ። አምባሰል እያንጎራጎርሽ ስትመቺ መዶሻሽ ዜማውን ይከተላል፤ ዜማው ረዘም ያለ ቦታ ስትደርሺ ምስማሩ ይጣመማል። ደግሞ መብራት ሳይጠፋ ብለን እህሉን ወፍጮ ቤት አድርሰን፣ ወረፋው አልደርስ ሲለን ጆንያው ላይ ተጋድመን፣ ስንመለስ ከቅንድባችን እስከ ጥፍራችን ዱቄት ሆነን፣ እማ በር ላይ ቆማ «የማን ልጆች ናችሁ?» ስትለን። ዘንድሮም ሄጄ ነበር። ባለወፍጮው ከረጢቱን እያሰረልኝ «ብቻሽን ነሽ?» አለኝ። «አይ፣ እህቴ ከኋላ እየመጣች ነው» አልሁት። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም።

ውሸት ካነሳን አይቀር፣ ስልክ ላይ እውነት መናገር እንደማይቻል ታውቂያለሽ። ድምፁ ከፍ ተደርጎ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ከቦ፣ እማ ደግሞ ጭኔን ለመቆንጠጥ ጣቷን አዘጋጅታ ነው የምናወራው። ለዚህ ነው የሰፈራችን ልጅ ዑምኩልሱም ሰኞ ወደዚያ ስትበር ይህን ወረቀት በእጇ የምልክልሽ። የካቲት ላይ አባባ ውጫሌ ሠርግ ሄዷል ብለንሽ አልነበር? ውጫሌን በዓይኑ አላየም። ደሴ ሆስፒታል አራት ቀን ተኝቶ ነበር። ስኳሩ ወጥቶ፣ ራሱን ስቶ ነው በባጃጅና በሚኒባስ ያደረስነው። አብሽሪ፣ አሁን አልሐምዱሊላህ ድኗል፤ ድንጋይ ጫኚ እያለ የሚጮኸው እሱ ነው። ይልቅ የሚገርመኝ፣ ተሽሎት ስትደውዪለት ስለ ሠርጉ ያወራልሽ ነገር! ሙሽራዋ አጭር፣ ሩዙ ጥሬ፣ ሚዜዎቹ ሰነፎች። አሁንማ ራሱም አምኖታል። አራት ቀን ሙሉ አልጋው አጠገብ ለተቀመጠው ለጋሽ ሙላት ሳይቀር ሠርጉን ይተርክለታል። ጋሽ ሙላትም «ሩዙስ እውነትም ጥሬ ነበር» ይለዋል።

እንዴት ታመመ ብትዪኝ፣ እዚህ ላይ ነው እጄ የሚከብደኝ። መብረቅ የሰፈሩን ትራንስፎርመር መትቶት ሦስት ሳምንት መብራት አልነበረም። የአባባ የስኳር መድኃኒት ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ፍሪጁ ደግሞ ቁምሳጥን ሆኖ ቀረ። ነርሱ ዝናው «አዲስ የሸክላ ማሰሮ ግዙ፤ ውኃ ሞልታችሁ መድኃኒቱን በብልቃጥ ከድናችሁ ውስጡ አኑሩት፣ ይቀዘቅዛል» አለን። እማ ማሰሮውን ገዝታ ለእኔ ሰጠችኝ። እኔስ ምን አደረግሁ? አንቺ እንዳስተማርሽኝ አሟሸሁት! ዘይት ቀብቼ፣ እሳት አስነክቼ፣ እንደገና ቀብቼ፣ እስኪያብረቀርቅ። አዲስ ሸክላ ሳያሟሽ ውኃ የሚሞላበት ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔም አላየሁም። ጠብታ የማያሾልክ ማሰሮ አወጣሁ። አባባ መዳፉን አሳርፎበት «ማሻአላህ፣ እንደ ኢንሳፍ!» አለኝ። ያን ቀን ከደስታ ብዛት ራት አልበላሁም።

አባባ ከሆስፒታል ሲወጣ ዝናው ብቻዬን አገኘኝና «ማሰሮው በውጭ በኩል ያልበው ነበር?» አለኝ።

«ኧረ ወላሂ፣ ቅንጣት እርጥበት የለውም!» አልሁት፣ ኮርቼ።

«ምን ቀብታችሁት ነበር?» አለኝ ቀስ ብሎ።

ለካ ሸክላው የሚያቀዘቅዘው ውኃው ቀስ እያለ ወደ ውጭ ሲያልበው፣ ያንን ላብ ነፋስ ሲመታው ኖሯል። እኔ መተንፈሻውን ሁሉ በዘይት ደፍኜዋለሁ። በዚያ ላይ ያስቀመጥሁት ፀሐይ የሚያነደው የቆርቆሮ ግድግዳ ሥር ነው። ውኃው ለብ ብሎ ሰነበተ፤ መድኃኒቱም ሞተ። አባባ ደግሞ ጠዋትና ማታ የሞተ መድኃኒት ይወጋ ነበር።

ይህን የምናውቀው እኔና ዝናው ብቻ ነን። ሰው እንዴት ሆንህ ባለው ቁጥር አባባ «መድኃኒቱ ሲመጣም ሙት ነበር፣ ልጆቹ ምን ያድርጉ» ይላል። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ። የደሴው ሐኪም «ሁለተኛ እንዲህ ሆኖ ከመጣ፣ እንጃ» ብሏል። ሐኪም እንጃ ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ፣ እታለም?

ዛሬም መብራቱ ከቀትር ጀምሮ ጠፍቷል። ትናንት ሌላ ማሰሮ ገዝቻለሁ፤ ይሄኛው ዘይት በሩቁም አላየ። በረንዳው ጥላ ላይ፣ ነፋስ በሚያልፍበት በኩል ውኃ ሞልቼ፣ መድኃኒቱን ውስጡ አኑሬ፣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ሁለት መስመር በጻፍሁ ቁጥር ሆዱን እዳስሰዋለሁ። እስካሁን ደረቅ ነው። ሐይቁ ላይ ሰማዩ ጠቁሯል፤ ጀልባዎቹ ሁሉ ወደ ዳር ወጥተዋል። አባባ ለከሰዓቱ የዐስር ሶላት መስጊድ ነው። ሲመለስ ልንገረው? አንቺ ብትሆኚ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ትነግሪው ነበር። እኔ ይህን ቤት በሙሉ ማሳቅ እችልበታለሁ፤ ይሄን ነገር ግን በየት በኩል እንደሚያስቅ አጣሁት። ትናንት ጣሪያው ላይ ቁጭ ብዬ መንገዱን ሳይ ዋልሁ። ከደሴ የሚመጣ ሚኒባስ በቆመ ቁጥር መዶሻዬን አስቀምጣለሁ። እንዲሁ ነው።

አላህ የማዳምሽን ልብ ያራራልሽ። ሥራሽን ያቅልልሽ፣ እንቅልፍሽን ያርዝመው። ባሕሩን በደኅና አሻግሮ በዚህ በር ያስገባሽ፤ ያኔ ድንጋይ ወይስ ምስማር የሚለውን ክርክር አንቺ ትፈርጃለሽ።

ታናሽሽ፣
ሀኒያ

ቆይ፣ ገና አላጠፍሁትም። አባባ ከመስጊድ መመለሱን አላየሁም ነበር። ከጀርባዬ መጥቶ አጎንብሶ ማሰሮውን ሲዳስስ ነው የደነገጥሁት። መዳፉ ርሷል! ዝናብ መስሎኝ ቀና አልሁ፤ ገና አንድ ጠብታ አልወረደም። እጁን በጋቢው ጠራረገና፣ ፊቱን ወደ ሐይቁ እንዳዞረ፣

«ይሄኛው አልቦታል» አለ። «ያኛውን ግን ምን የመሰለ አድርገሽ ነበር ያሟሸሽው፣ ሀኒያ!»